የማኅበራችንን ጽዋ በመስታወት ላሰሩልን አስተዳዳሪ

ነሐሴ 10 ቀን 2003 ዓ.ም.
ደብረ ኤልያስ

ለተከበሩ አቶ እንዳላማው
የባለቅኔው የየኔታ አምደሚካኤል መታሰቢያ ቤት አስተዳዳሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

እንደምን ከርመዋል? ክረምቱስ እንዴት ይዞዎታል? እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ማኅተምዎ ደኅና ናችሁ ወይ? እኛ ሥላሴ ይመስገኑ ደኅና ነን፤ ጭቃው ጉልበት ቢደርስም፣ መብራቱ ሲፈልግ መጥቶ ሲፈልግ ቢሄድም፣ እርስዎን የመሰለ ለእኛ የሚያስብ፣ ከእኛም አብልጦ የሚያስብ ኃላፊ ስላለን ምንም አልጎደለብንም።

ምናልባት ካላወቁኝ፣ ስሜ ኃይለ ሚካኤል ይባላል፤ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጬ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የምጽፍ ራፖር ጸሐፊ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሌላውን ሰው በደል «ለክቡርነትዎ» እያልሁ ስጽፍ ኖሬ፣ የራሴን ብሶት ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ ብዕሬ ትንሽ ቢቸኩል ይቅርታዎን እለምናለሁ። በተጨማሪም የሥላሴ ጽዋ ማኅበራችን ሙሴ ነኝ፤ ይኸውም አባላቱ ሲጣሉ የሚያስታርቅ፣ ሳይጣሉም የሚወቀስ ሰው ማለት ነው።

በመታሰቢያ ቤቱ በር ላይ ያስለጠፉትን፣ «ባለቅኔው ይጠጡበት የነበረው መጠጫ ስለተሰረቀ ያለበትን የሚያውቅ ይጠቁም» የሚለውን ማስታወቂያ አንብቤያለሁ። አውቃለሁ፤ እጠቁማለሁም። ዳሩ ግን ነገር በሥርዓቱ ያምራልና፣ ቤቱን እንደ ማንኛውም ጎብኚ በጐበኘሁበት ዕለት ያየሁትን መልካም ሥራዎን ሳላመሰግን ወደ ጥቆማው ብዘል ነውር ይሆንብኛል። ስለዚህ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጠረጴዛው አመሰግናለሁ። ወደ የኔታ ቤት የገባ እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው በቫርኒሽ የሚያብረቀርቅ ጠረጴዛ፣ መደገፊያ ያለው ወንበር፣ የቀለም ብልቃጥና ብዕር ነው፤ ከላዩም «ባለቅኔው ቅኔያቸውን የጻፉበት» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። እጅግ ያምራል። የኔታ ራሳቸው ተነሥተው ቢያዩት ከሁላችን ይልቅ ይደነቁ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጠረጴዛ በቤታቸው ቀርቶ በደጃቸው አልፎ አያውቅምና። የኔታ ቅኔ የሚቆጥሩት መደባቸው ላይ ተጋድመው፣ ጋቢያቸውን እስከ ራሳቸው ተከናንበው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር። እንግዳ ሲመጣ «ተኝተዋል» ይባላል፤ ሲነሡ ቅኔው አልቋል፤ የሚጽፉትም ተማሪዎቻቸው ናቸው። እርስዎ ያንን መደብ አስፈርሰው ጠረጴዛውን አስገቡበት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚሉ ምቀኞች አሉ፤ እኔ ግን ተጋድሞ ሥራ የሚሠራ ሰው ለመንግሥት ሠራተኛ መጥፎ ምሳሌ እንዳይሆን አስበው ነው ብዬ ተከራክሬልዎታለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ደበሎው ከልቤ አመሰግናለሁ። የኔታ በልጅነታቸው ከዲማ እስከዚህ እየዞሩ ሲማሩ የለበሱት የበግ ለምድ፣ ከነአኩፋዳው፣ ማለትም የለመኑትን ቁራሽ ከሚይዙበት ከረጢት ጋር፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አይቼ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከሥሩ «ባለቅኔው ስለ ማርያም ብለው በየደጁ ለምነው የተማሩ ታላቅ ሰው ናቸው» ይላል፤ እውነት ነው። ከቤቱ ስወጣ ደግሞ በአጥሩ በር ላይ «ለማኝ መግባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ አየሁ፤ ልክ እንደዚያው ያለ ደበሎ የለበሱ የቆሎ ተማሪዎችም በዝናብ ከበሩ ውጪ ቆመው ነበር። ያ ቤት ተማሪን ባዶ እጁን መልሶ አያውቅም ነበር። እንደገባኝ ከሆነ የመታሰቢያ ቤቱ ደንብ ተማሪ ከሞተና ከታወቀ በኋላ እንዲገባ ይፈቅዳል። ይህን ጠንከር ያለ መመዘኛ ላወጣው አእምሮ አድናቆቴን ሳልገልጽ ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል።

ሦስተኛ። እንግዲህ ወደ ጽዋው ደረስን።

ክቡርነትዎ ባሕር ማዶ ያደጉ አይመስለኝም፤ ግን የጽዋ ማኅበር በመመሪያዎ ውስጥ ላይኖር ስለሚችል ነገሩን ላስረዳ። እኛ አሥራ ሁለት የሥላሴ ማኅበርተኞች ነን። ወር በገባ በሰባት ከአንዳችን ቤት እንሰበሰባለን፤ ተረኛው ይደግሳል፤ የነፍስ አባታችን ዳቦውንና ጠላውን ይባርካሉ፤ ሁላችንም ከአንዱ ጽዋ እንቀምሳለን። ስንበተን የደገሰው ሰው ጽዋውን ለሚቀጥለው ተረኛ ከእጁ ወደ እጁ ያስረክባል፤ እኛም በእልልታ አጅበን እስከ ቤቱ እናደርሰዋለን። ተረካቢው ወሩን ሙሉ ጠብቆ በተራው ይደግሳል። አባል ሲሞት ሚስቱ ወይም ልጁ ይተካዋል። በክፉ ቀንም በደግ ቀንም፣ እህል ባልነበረበት ዘመን እንኳ በንፍሮና በውኃ፣ ያ ጽዋ ከአንድ ቤት ከወር በላይ ተቀምጦ አያውቅም።

በየኔታ ቦታ የተተኩት ባለቤታቸው እማሆይ ወለተ ሥላሴ ነበሩ። ባለፈው ኅዳር ሰባት ጽዋውን ከአያ አበረ እጅ ተቀብለው፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ከራስጌያቸው አስቀምጠው፣ ለታኅሣሥ ሥላሴ ጌሾ ሲያስወቅጡ የእርስዎ መዝጋቢዎች ደረሱ። ቤቱን ለመታሰቢያ ይሁን ብለው በፈቃዳቸው የሰጡት እርሳቸው ናቸውና በደስታ አስገቧቸው። ከመዝጋቢዎቹ አንዷ፣ መልካም ልጅ ናት፣ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ «እማሆይ፣ የኔታ በዚህ ጠጥተውበታል?» ብላ ጠየቀቻቸው። እማሆይ ውሸት አያውቁም፤ «አዬ ልጄ፣ ስንት ዘመን!» አሏት። እውነታቸውን ነው፤ የኔታ ጠጥተውበታል። አያ አበረም ጠጥቶበታል፤ እኔም ጠጥቼበታለሁ፤ የእኔ አባትም ጠጥቶበታል። ልጅቱ ግን «የማን ነው?» ብላ አልጠየቀችም፤ በቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ አልነበረም መሰለኝ። ቁጥር ተለጠፈበት፤ በሳምንቱ መስታወት ውስጥ ገባ። እማሆይ «ኧረ የማኅበር ነው! ኧረ የሰው አደራ ነው!» እያሉ ቢከተሉ፣ የእርስዎ ሰዎች «አይጨነቁ፣ እኛ ከእርስዎ ይልቅ እንጠብቀዋለን» አሏቸው። ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው ይላል ያገሬ ሰው፤ እኔ አላልሁም።

ታኅሣሥ ሰባት ጠላው ተጠምቆ፣ ዳቦው ተደፍቶ፣ ተረካቢዋ ወይዘሮ ያለምወርቅ ነጭ ለብሳ መጥታ፣ ጽዋ ጠፋ። ቤቱን ሲለቁ ሰዎችዎ ለእማሆይ ከአጥሩ ጀርባ በሠሩላቸው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ተጨናንቀን ተቀምጠን ተያየን። ሌላ ጽዋ ገዝተን እንቀጥል ያለም አልጠፋ። እማሆይ ግን «ከአበረ እጅ የተቀበልሁትን ነው ለያለምወርቅ የማስረክበው። ሌላ ዕቃ ብሰጣት፣ ያኛውን ምን አደረግሽው ስባል ምን ልመልስ ነው?» አሉን። ማን ነው እርስዎን የሚጠይቅ ብንላቸው፣ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ። ከዚያ በኋላ የተከራከራቸው የለም፤ ማኅበራችንም እዚያው ቆመ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ለጥቂት ጊዜ ላቁመውና በቀጥታ ልንገርዎ። ሴትዮዋ ከጥር ወዲህ ሰውነታቸው እየከሳ፣ እግራቸው እያበጠ ሄደ። ሞትን አልፈሩም፤ መነኩሲት ናቸው፣ መገነዛቸውን ካዘጋጁ ቆይተዋል። የፈሩት ተረክበው ሳያስረክቡ መሞትን ነው። ልጅ የላቸውም፤ በእርሳቸው ቦታ ቆሞ የሚያስረክብ ሰው የለም። እሑድ እሑድ ልጠይቃቸው በሄድሁ ቁጥር «ኃይለ ሚካኤል፣ ተፈታልኝ?» ይሉኛል፣ ስለ እስረኛ እንደሚጠይቅ ሰው። «አደራ በልታ ሞተች እንዳታሰኙኝ» ይሉኛል። እኔም፣ ለስንቱ ሰው በጻፍሁት ማመልከቻ መሬት ያስመለስሁ፣ ፍቺ ያስፈጸምሁ ራፖር ጸሐፊ፣ ለአንዲት አሮጊት አንድ የእንጨት ጽዋ ማስፈታት አቅቶኝ አንገቴን ደፍቼ እመለሳለሁ። ተናድጃለሁ፤ አሁንም ንዴቴ አልበረደም።

ማመልከቻችንን ደጋግመን አስገብተን፣ ሚያዝያ ላይ መልስዎ መጣ። ቃል በቃል እነሆ፦ «ዕቃው የተመዘገበ ቅርስ በመሆኑ ከቦታው አይነቃነቅም። ሆኖም የማኅበሩ አባላት ለዕቃው ያላቸውን ፍቅር ግምት ውስጥ በማስገባት፣ በቡድን ተሰባስበው ከመጡ ቤቱን በቅናሽ መጐብኘት እንደሚችሉ በአክብሮት እንገልጻለን።» ይህን ያነበብሁ ዕለት በመጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ እንደ እሳት ነደድሁ፤ ሲያድር ግን ሳስበው ምክርዎ መልካም ሆኖ አገኘሁት። ተቀበልነውም።

ሐምሌ ሰባት፣ በዓመቱ ሥላሴ፣ በቡድን ተሰባስበን ቤቱን ለመጐብኘት መጣን። ዝናቡ ይወርዳል። እማሆይን እኔና አያ አበረ ግራና ቀኝ ደግፈን አመጣናቸው፤ በሙሽርነት የገቡበትን ቤት ትኬት ቆርጠው ገቡ። አስጐብኚዎ በትጋት አስረዳን፤ ባለቅኔው ዘወትር ማለዳ ከዚህ መጠጫ ተጎንጭተው ወደ ጠረጴዛቸው ይሄዱ እንደነበር ሲነግረን፣ እማሆይ በትሕትና አዳምጠው «እንዲህ ነበር እንዴ?» አሉ። ልጁ ሌሎች እንግዶች ሊቀበል ወጣ። የነፍስ አባታችንም ጎብኚ ነበሩና ጸሎት ጀመሩ። ጸሎት በመመሪያዎ አልተከለከለም፤ አጣርቻለሁ። ዳቦ መብላት ግን ተከልክሏል፤ በላን። ፍርፋሪ መሬት ላይ አልጣልንም፤ የዝክር ፍርፋሪ የሚጥል ሰው በእኛ ዘንድ የለም።

አባታችን ሆይ ላይ ስንደርስ እማሆይ ክንዳችንን ለቀው ብቻቸውን ቆሙ። የመስታወቱን ክዳን በእጃቸው አነሡት። ቁልፍ የለውም፤ በጀት እስኪመጣ ነው ተብለናል። ጽዋውን አውጥተው፣ የለጠፋችሁበትን ቁጥር በጥፍራቸው ልጠው፣ በያዙት ነጭ ጨርቅ ሸፍነው ወደ ያለምወርቅ ዞሩ። «እንኪ ልጄ። ከእጄ ወደ እጅሽ። አዘገየሁብሽ፣ ይቅር በይኝ» አሏት። ያለምወርቅ ተንበርክካ ተቀበለች። ከዚያ በኋላ እልል ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ሁላችንም መሰለኝ።

ከሥራ ያገዱትን የጥበቃ ሠራተኛዎን አቶ ገዳሙን በተመለከተ፣ ይህችን ቃል በመዝገብዎ ያስፍሩልኝ፤ ገዳሙ ምንም አላየም። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ክርስቲያን ሰው አባታችን ሆይ ሲባል ዓይኑን መጨፈኑ ጥፋት ከሆነ፣ እኔንም አብረው ይክሰሱኝ። ጽዋውን ይዘን የወጣነውም በጓሮ አይደለም፤ በዋናው በር፣ በእልልታ፣ በገበያው መካከል ነው። ባለ ሱቁ አብዱልቃኒ ዝናቡን አይቶ ጃንጥላ ይዞ ሮጠ፤ ከያለምወርቅ ራስ በላይ ዘርግቶ እስከ በሯ ድረስ ሸኘን። ሌባ በጃንጥላ ታጅቦ ሲሄድ ዓይተው ያውቃሉ? ይህም ደብዳቤ፣ የእርስዎ የማስታወቂያ ሰሌዳ የእኛን ጽሑፍ ስለማይቀበል፣ በእርሱ ሱቅ በር ላይ ይለጠፋል፤ ስኳር ሊገዛ የመጣ ሁሉ ያነበዋል።

አራተኛም ነበረኝ፤ በሥዕላቸው ላይ ለየኔታ አድርገውት የማያውቁትን መነጽር ስላደረገላቸው ሠዓሊ ነበር። ተውኩት።

እማሆይ ወለተ ሥላሴ የዚያን ዕለት ከያለምወርቅ ቤት ጠላ ቀመሱ፤ ተጫወቱ፤ የየኔታን ተረብ እያነሡ እንባችን እስኪፈስ አሳቁን። በሐምሌ ገብርኤል ማግስት ዐረፉ። መጥሪያዎ የደረሰው ከቀብር በኋላ ነው። «ከጠፋው ቅርስ ጋር በተያያዘ ለጥያቄ ስለሚፈለጉ በሦስት ቀን ውስጥ ቀርበው ቃልዎን እንዲሰጡ፣ ባይቀርቡ በሕግ እንደሚጠየቁ» ይላል። ሊቀርቡ አልቻሉም። እርስዎ ቢመቸዎት ይሂዱ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ፣ ከየኔታ አጠገብ ናቸው። ቀጠሮ አያስፈልግም፤ ትኬትም የለውም። ቃላቸውን ግን ሰጥተው ጨርሰዋል፤ በሕግ የሚጠይቃቸውም ካለ፣ ጣታቸውን የቀሰሩበት ወገን ብቻ ነው።

አሁን ጥቆማዬን እሰጣለሁ። የሚፈልጉት ጽዋ በነሐሴ ሰባት ከያለምወርቅ እጅ ወደ እኔ እጅ ተላልፎ፣ ይህን በምጽፍበት ሰዓት ከራስጌዬ አለ። መስከረም ሰባት እደግሳለሁ። ይምጡ። ብቻዎን ይምጡ፣ ከፖሊስ ጋር ይምጡ፣ ለሁሉም የሚበቃ ጠላ አስጠምቃለሁ። ነገር ግን ያ ጽዋ ከቤት የሚወጣው ከእጅ ወደ እጅ ብቻ ነው፤ በመጥሪያ አይወጣም፣ በማኅተምም አይወጣም። የሚወስደው ሰው ማኅበርተኛ መሆን፣ ወር ሙሉ መጠበቅ፣ መደገስና መልሶ ማስረከብ አለበት። የእማሆይ ቦታ ክፍት ነው፤ የሚተካቸው ልጅ ስለሌላቸው፣ እርስዎ ለቅርሱ ያለዎትን ፍቅር ግምት ውስጥ በማስገባት ቢተኳቸው አባላቱ እንደማይቃወሙ በአክብሮት እገልጻለሁ። ቅናሽ ግን የለንም።

እስከዚያው ገዳሙን ወደ ሥራው እንዲመልሱት፣ ከአጥሩ በር ላይም ያንን «ለማኝ» የሚለውን ጽሑፍ እንዲያነሡት እጠይቃለሁ። እለምናለሁ አላልሁም። ልመና የቆሎ ተማሪ ማዕረግ ነው፤ እኔ ገና አልደረስሁበትም።

ሥላሴ ዕድሜና ጤና ይስጡልኝ፤ ወንበርዎን ያጽኑልዎ፤ የተረከቡትንም ሁሉ በሰላም ለማስረከብ ያብቁዎ።

በታላቅ ትሕትና፣ ሳልሰጋና ሳልደበቅ፣
ኃይለ ሚካኤል
ራፖር ጸሐፊ፤ የሥላሴ ጽዋ ማኅበር ሙሴና የወሩ ተረኛ

ግልባጭ፦
ለአብዱልቃኒ ሱቅ በር
ለገበያተኛው ሁሉ

ማስታወሻ፦ እማሆይ ጽዋውን ሲያነሡ መስታወቱን ባዶ አልተዉትም። ከነጠላቸው ሥር ቀለሙ የረገፈ፣ ጆሮው የተበየደ የቆርቆሮ ኩባያ አውጥተው በቦታው አስቀመጡ፤ የኔታ ከተጋቡበት ዘመን ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ ጧት ማታ ውኃ ይጠጡበት የነበረው ያ ነው፤ የኔታ ካረፉ በኋላም እማሆይ ራሳቸው ይጠጡበት ነበር። ሰዎችዎ ጎብኚ የረሳው መስሏቸው አውጥተውት፣ ዛሬ ትኬት ቆራጯ እስክሪብቶ ትሰካበታለች። ይመልሱት። «ባለቅኔው ይጠጡበት የነበረ መጠጫ» የሚለውን ጽሑፍ ግን አይንኩት፤ ቤቱን ከከፈቱት ወዲህ የመጀመሪያው እውነተኛ ጽሑፍ ይሆንልዎታል።